ከሲታዬ

ይመጣል፣ ከመጋረጃው ኋላ ይመጣል፣ የእማ እጅ። ጉርሻ ይዞ… ወጥ እያንጠባጠበ… እንቢ የማይባል እጅ።

ይከፈታል፣ እንደ ወፍ ጫጩት ይከፈታል፣ የማርዘነብ አፍ።

«ብዪ፣ ከሲታዬ። ዓይን ሳያይሽ ብዪ።»

ሰባት ዓመቷ ነው እህቴ። ጉንጯ የሞላ፣ አንገቷ የጠፋ፣ ደረጃ ስትወጣ እንደ ወናፍ የምትተነፍስ። ከሲታስ እኔ ነኝ! እኔን ግን ከዓይን የሚደብቀኝ የለም።

በፍርሃት ነው የተጀመረው። ታላቅ ወንድማችን ይርጋ ከስቶ፣ ከስቶ፣ ከስቶ ሞተ። ከዚያ ማርዘነብ ተወለደች። ወፈረች። ጎረቤታችን እትዬ ጥሩወርቅ ደጃፋችን ላይ ቆመው «ውይ ስትወፍር! ድንች መስላ የለ!» አሉ።

«እትፍ ይበሉባት እንጂ!» ጮኸች እማ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ መጋረጃ ተሰቀለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሲታዬ ተባለች… የሰው ዓይን እንዲታለል።

የሰው ዓይን ይታለል አይታለል እንጃ። እማ ግን ተታለለች። የማርዘነብን ክንድ ትጨብጣለች፣ መዳፏ አልበቃ እያላት ትጨብጣለች፣ «አጥንት ብቻ!» ትላለች።

«እማ፣ ዓይንሽን ያምሻል እንዴ? ልጅቷ መተንፈስ አቃታት እኮ!»

«ምላስሽን ሰብስቢ፣ አንቺ ሟርተኛ!»

እማ አጥንት ትፈራለች። እኔ ያንን ትንፋሽ እፈራለሁ። ማርዘነብ ምን እንደምትፈራ… ማን ጠየቃት?

ትናንት ከትምህርት ቤት ስንመለስ ዳገቱ መሃል ቁጭ አለች። ከንፈሯ ጠቁሮ… ላብ አጥምቋት…

«እታለም፣ መሞቻዬ ደረሰ አይደል?»

«ማን አለሽ?»

«ከሲታ አይደለሁ? ይርጋ ከስቶ አይደል የሞተው? ለዚህ እኮ ነው ሳይርበኝም የምበላው።»

ቦርሳዋን ተሸከምኩላት፣ እጇን ይዤ አስነሳኋት።

ቤት ስንደርስ እማ ጉርሻውን ጠቅልላ እየጠበቀች ነበር። ማርዘነብ ያለችኝን ነገርኳት። ቃል በቃል ነገርኳት።

አየቻት እማ። ስሙን ትታ ልጅቷን አየቻት። ያበጡ ጣቶቿን… የሚያፏጭ ደረቷን…

ይመለሳል፣ ጉርሻውን እንደያዘ ይመለሳል፣ የእማ እጅ።

«አጉርሺኝ እንጂ፣ እማ… እንዳልሞት…»

ይከተላል፣ ተከፍቶ ይከተላል፣ እንባ እየገባበት ይከተላል፣ የማርዘነብ አፍ።