ሃዎ በደብተሩ ውስጥ አልነበረችም

በ1955 ዓ.ም. ሱሌማን ከዚራ በሚባለው ሰፈር፣ ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ካለው ዛፍ ሥር ተቀምጦ ማመልከቻ ይጽፍ ነበር። ማመልከቻው እንጀራው ነው፤ ልቡ ያለው ግን ገና ባላለቀው ልብ ወለዱ ላይ ነው። ለዚያ ብሎ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ እጁ ከገባው መጽሐፍና ጋዜጣ ያማረ ያማረውን ገለጻ እየለቀመ በአንድ ወፍራም ደብተር ገልብጧል። ዓይን ለብቻው፣ ዝናብ ለብቻው፣ ሐዘን ለብቻው፣ አሮጊት ለብቻዋ። ታሪክ መጻፍ የሚሞክሩ መምህራን እንኳ ቆንጆ ሴት ወይም ጎርፍ መግለጽ ሲያቅታቸው ደብተሩን ሊዋሱ ይመጣሉ።

ሰኞ ጠዋት ደሄቦ መጣች። ቀፊራ ገበያ ቅመም የምትሸጥ ሴት ናት። እናቷ ሃዎ መርሳት ከጀመረች ቆይታለች፤ እሑድ ከቤት እንደወጣች አልተመለሰችም።

«መልኳን ጻፍልኝ፣ ጋሽ ሱሌማን። ሾፌሮቹ በየደረሱበት ያንብቡት። ፀሐዩን ታየዋለህ፤ እሷ ብዙ አትችለውም።»

ሱሌማን ስላዘነላት ያለውን ምርጥ ነገር ሊሰጣት ፈለገ። ምን ትመስላለች ብሎ እንኳ ሳይጠይቅ ደብተሩን ገለጠ። ፊቷ ሙሉ ጨረቃ፣ ፀጉሯ የተባዘተ ጥጥ፣ ዓይኖቿ የንጋት ኮከብ፣ አረማመዷ የንግሥት። ደሄቦ ማንበብ አትችልም። ወረቀቱን ተቀብላ ለጭነት መኪና ሾፌሩ ለዒልሚ ልትሰጥ ሮጠች።

ማክሰኞ ከቀትር በፊት ዒልሚ መኪናውን ዛፉ ሥር አቆመና አንገቱን በመስኮት አወጣ።

«አቦ ሱሌማን! ጀልዴሳም ሁርሶም ደርሼ አነበብኩት። ሰው ሁሉ ላግዝህ ብሎ ተነሣ። ወላሂ፣ ይቺን ካገኘኋት አልመልሳትም፤ አገባታለሁ!»

ባለጉዳዮቹ ሳቁ። መኪናውን አይታ እየሮጠች የመጣችው ደሄቦ አልሳቀችም።

«እስቲ አንብበው» አለችው ዒልሚን። አነበበላት።

«ይቺ ማናት?»

«እናትሽ ናታ!»

«የእናቴ አንድ ዓይን አያይም።»

ሱሌማን ደብተሩን ከደነ። አንድ ቀን ሙሉ ጠፍቷል፤ ያጠፋው እሱ ነው።

«አሁን ንገሪኝ» አላት።

ደሄቦ አልነገረችውም። ወደ ፍርድ ቤቱ አጥር ሄዳ ግራ መዳፏን በግንቡ ላይ አሳረፈችና እየዳበሰች ተራመደች። በሩ ጋ ግንቡ አለቀ። እጇን ግን አላወረደችም፤ ባዶ አየር እየዳበሰች ሄደች።

«እንዲህ ነው የምትሄደው፤ ግንብ ቢኖርም ባይኖርም። ያገኘችውን ሰው ሁሉ ‹ባቡሩ ገባ?› ትላለች። አባቴ ባቡር ላይ ነበር የሚሠራው።»

ሱሌማን ያየውንና የሰማውን ብቻ ጻፈ። አራት መስመር አልሞላም። ዒልሚ ተቀብሎ አነበበና ሳቁ ከፊቱ ጠፋ።

«ይቺንማ አይቻታለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «ትናንት፣ የጀልዴሳ መንገድ ላይ። አየር እየዳበሰች ትሄድ ነበር። ወረቀትህ ኪሴ ውስጥ ነበር እኮ!»

ደሄቦ ጋቢናው ውስጥ ገብታለች። ሱሌማንም ደብተሩን ጥሎ ከኋላ ተንጠላጠለ።

ሃዎን ፀሐይ ሳትጠልቅ ከአንድ ከብት አርቢ ጎጆ አገኟት። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፤ የግመል ወተት እየጠጣች ነው።

«ባቡሩ ገባ?» አለቻቸው።

ሐሙስ ዕለት ደሄቦ እናቷን ይዛ ወደ ዛፉ መጣች። ዳግመኛ ብትጠፋ፣ ሻሿ ጫፍ ላይ የሚሰፋ ወረቀት ፈልጋለች። ሱሌማን ደብተሩን አልነካውም። ሃዎን ፊት ለፊቱ አስቀምጦ ብዙ አያት፤ ከዚያ ጻፈ። ሳይሰጣቸው በፊትም ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ።

ሃዎ በደህናው ዓይኗ እያየችው እስኪጨርስ አዳመጠች።

«ይቺን ሴትዮ አውቃታለሁ» አለች። «ምስኪን። ተገኘች?»

«ተገኝታለች፣ እማዬ» አለች ደሄቦ።

«አልሐምዱሊላህ።»

ሃዎ ልትሄድ ተነሣችና ግራ እጇን ዘረጋች። ግንቡ ሩቅ ነበር። ሱሌማን ብድግ ብሎ ትከሻውን ሰጣት።