ካዚሚር የጠረገው ቦታ

ካዚሚር የሞተው በረዶው ጉልበት ድረስ በደረሰበት የጥር ሳምንት ነው። ያን ቀን ጠዋት መኪናውን ከበረዶ ለማውጣት ሁለት ሰዓት ሙሉ በአካፋ ሲዝቅ ቆየ። መኪናውን አስነስቶ ከቦታው ካወጣ በኋላ ከቤት አንድ ወንበር አምጥቶ የጠረገው ቦታ መሃል አስቀመጠና፣ በመስኮት ለምታየው ለሚስቱ ለሎሬይን፣ «ዲብስ ብያለሁ! ማንም እንዳያቆምበት!» ብሎ ጮኸላት። ከዚያ በመኪናው ዳቦ ሊገዛ ሄደ። ዳቦ ቤቱ በር ላይ ወደቀ፤ በዚያው ቀረ።

ወንድሟ መኪናውን ሊመልስ ሲመጣ ሎሬይን፣ «እዚያ እንዳታቆም፤ ራሱ ነው የሚያቆመው» አለችው። ወንድሟ መኪናውን ወደ ቤቱ ይዞ ሄደ። በቺካጎ እንዲህ ያለ ወንበር ይከበራልና ጎረቤቱ ሁሉ እየዞረ ሌላ ቦታ ያቆም ጀመር።

የካቲት ላይ ማርሴላ የምትባል ነርስ ከቴክሳስ መጥታ ላይኛውን ፎቅ ተከራየች። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ተገናኙ።

«እማማ ሎሬይን፣ ያ ወንበር የማን ነው? መኪናዬን ሦስት መንገድ ተሻግሬ እያቆምኩ እግሬ አለቀ እኮ!»

«የባሌ ነው። ዲብስ ብሎበታል።»

«ዲብስ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ቀድሞ ‹የኔ ነው› ያለ ይወስዳል ማለት ነው፤ ልጆች መኪና ፊት ለመቀመጥ የሚሉት። ካዚሚር መዝገበ ቃላት ማገላበጥ ይወዳል። እንደ ቅልልቦሽ ካለ የድሮ የጠጠር ጨዋታ የመጣ ነው ይለኛል።»

«እሳቸው ታዲያ መቼ ነው የሚመለሱት?»

ሎሬይን በሯን ዘጋችባት። ማርሴላ ነገሩን ከጎረቤት ስትሰማ በሃፍረት ተቃጠለች።

መጋቢት ላይ በረዶው ቀለጠ። ሎሬይን ዓይኗን ታይታ ከክሊኒክ ስትመለስ ወንበሩ የለም፤ ቦታው ላይ የማርሴላ መኪና ቆሟል። ማርሴላ እየሮጠች ወረደች።

«እማማ፣ ወንበሩን የማዘጋጃ ቤት መኪና ጭኖት ሄደ። ቦታውን ባዶ ሳየው ሳላስበው... አሁኑኑ አነሳዋለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ!»

«ተይው፣ ልጄ። በረዶው ሲቀልጥ ዲብስም ያበቃል፤ ደንቡ ነው። ግን እኮ እጁ እስኪላጥ ነው የዛቀው። ‹ይበቃሃል፣ ግባ› በማለት ፈንታ፣ እኔ ትኩስ ዳቦ አማረኝ አልኩት። እኔ ነኝ የላክሁት፣ ማርሴላ።»

ማርሴላ የመኪናዋን በር ከፍታ፣ ክንዷን ደግፋ አስገባቻትና አጠገቧ ተቀመጠች። ሎሬይን በቀብሩ ቀን ያላለቀሰችውን ያኔ አለቀሰች፤ መስታወቱ በትንፋሻቸው ጉም እስኪለብስ ድረስ።

ቅዳሜ ለወንድሟ ደውላ የካዚሚርን መኪና ለሚፈልግ ሰው እንዲሸጠው ነገረችው።