ለዓይኔ የተጣለ ዕጣ

በእኔ ዓይን ጉዳይ ያልተጠየቀ ሰው ቢኖር እኔ ብቻ ነኝ። የንስሐ አባቴ ቄስ ጥላዬ ተጠይቀዋል። ጎረቤቴ አለምወርቅ ተጠይቃለች። የልጄ የተስፋነህ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች ተሰብስበው መክረውበታል፤ ከእነሱ አንዱ እንኳ እኔን አይቶኝ አያውቅም። ስልኩም ሳይቀር ተጠይቋል። ተስፋነህ ጆሮው ላይ ሰክቶ የሚሰማው አንድ ሰባኪ አለ፤ ስለ እግዚአብሔር ፈቃድ አሥራ ሁለት ክፍል አስተምሮ ገና መግቢያው ላይ ነው አሉ። ዓይኑ ያለው ግን እኔ ግንባር ሥር ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ደግሞ የገዛ ዓይኑ የት እንዳለ የሚያውቅ አይመስላቸውም።

ቀኝ ዓይኔ ሞራ ጋርዶት ከጠፋ ሁለት ዓመቱ ነው። ግራው ደግሞ ከሰኔ ወዲህ ጭጋግ ለበሰ። ጋፋት ኖሬ ጭጋግ አያስፈራኝም፤ ግን የክረምቱ ጭጋግ እንኳ መስከረም ሲጠባ ይገፈፋል። የእኔው ኅዳር ገብቶ፣ ገብሱ ታጭዶም እዚያው ነው። ሰው የምለየው በሳሉ ነው። አንድ ጠዋት አጥር ላይ የተሰጣ ካፖርት ጎረቤቴ አስናቀ መስሎኝ እንዴት አደርክ አልኩት። ዝም ሲለኝ ሦስት ቀን አኮረፍኩ፤ ካፖርቱን ሳይሆን አስናቀን። ምስኪኑ ምን እንደበደለኝ ሳያውቅ ሽማግሌ ይዞ መጣ።

እንግዲህ እንዲህ እያለሁ፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማስታወቂያ ተነገረ። የዓይን ሐኪሞች ደብረ ታቦር መጥተዋል፣ እስከ ዓርብ ድረስ ሞራ በነፃ ይገፍፋሉ፣ ከዚያ ወደ ሌላ አገር ይሄዳሉ ተባለ። አለምወርቅ አምና በእንዲህ ያለው ተገፍፎላት፣ ዛሬ በየሰዉ ሞሰብ ስንት እንጀራ እንደቀረ ከአጥር ማዶ ቆጥራ ታወራለች። እዚያው ቆሜ አማተብኩ። የእግዚአብሔር ፈቃድ በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በድምፅ ማጉያ፣ ቀኑና ቦታው ተነግሮ መጣ። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል፣ መልአክ በባጃጅ ይምጣ?

ልጄ ግን ከዚህ በላይ ይፈልጋል። ተስፋነህ ከተማ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ነው የሚሠራ። ሃያ ዓመት ደብዳቤ ሲያስገባና ሲያስወጣ የኖረ ሰው፣ እግዚአብሔርም ቁጥርና ማኅተም ያለበት ደብዳቤ እንዲጽፍለት ይጠብቃል። እሑድ ከሰዓት ሊጠይቀኝ ሲመጣ፣ ነገውኑ ውሰደኝ አልኩት። ተቀመጠ፣ ተነፈሰ፣ መጀመሪያ ፈቃዱን እንወቅ አለኝ። የማንን ፈቃድ አልኩት። የእግዚአብሔርን አለ። እኔማ የእኔን ሊለኝ መስሎኝ ነበር።

ጸበልሽን አትተዪ ደግሞ አለኝ። ማን ተወ? ሁለት ክረምት ተጠምቄያለሁ። ጣራ ገዳም ድረስ ሄጄ ሰባት ቀን ሰንብቻለሁ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ የጉልበቴ ቁርጥማት እዚያ ነው የቀረ። ዓይኔ አልተከፈተም። ጸበሉም ሐኪም ቤት እንዳትሄጂ ብሎ አልነገረኝም። እንዲህ የሚሉት ሰዎች ናቸው፤ እነሱም ዓይናቸው ደህና የሆነ።

ሚስቱ መክሊት አስተማሪ ናት፤ እሷ አብራው መጥታ ነበርና "እምዬ ይሂዱ እንጂ፣ ምን ያቆያቸዋል" አለችው። ግን የሌላ አገር ሰው ስለሆነች ወግ አታውቅም ተባለች። እሷ ተምራለች፣ የአገሩ ሰው አይደለችም። እኔ የአገሩ ሰው ነኝ፣ አልተማርኩም። ሁለታችን ተደምረን አንድ የሚሰማ ሰው አልወጣንም።

ሰኞ ማለዳ ተስፋነህ ቄስ ጥላዬ ዘንድ ሄደ። ቄሱ ደግ ሰው ናቸው። በዕድሜ ሠላሳ ዓመት እበልጣቸዋለሁ፣ እሳቸው ግን ልጄ ይሉኛል፤ ክህነታቸውን አክብሬ አቤት እላለሁ። ጸልዩ አሉት። ተስፋነህ ለመጸለይ ጉልበት አለው፣ ለመስማት ግን ትዕግሥት የለውም፤ ዕጣ ይጣልልን አለ። ሦስት ወረቀት ጻፈ። አንዱ ሐኪም፣ አንዱ ጸበል፣ አንዱ ይቆይ። ጠቅልሎ በነጭ ጨርቅ ቋጠረና ከእመቤታችን ሥዕል ሥር እንዲቀመጥለት ለመናቸው፤ ሦስት ቀን ጸሎት ተደርጎበት ሐሙስ ጠዋት እንዲወጣ። ሐኪሞቹ እኮ ዓርብ ይሄዳሉ ስለው፣ እግዚአብሔር ጊዜ አያልቅበትም አለኝ። ልክ ነው፣ እሱ አያልቅበትም። የሚያልቀው የእኔ ዓይን ነው።

ብቻዬን እንዳልሄድ መንገዱ አይታየኝም፤ አስታማሚ ያልያዘም አይገባም ተብሏል። አለምወርቅ ልትወስደኝ ነጠላዋን ለብሳ መጥታ ነበር። ተስፋነህ ዕጣው ሳይወጣ እንዳታንቀሳቅሻት ብሎ በእመቤታችን ስም ገዝቶ መለሳት። ማክሰኞ ደግሞ በሕልሙ ነጭ ለብሼ አየኝ። አንዱን ቢጠይቅ ነጭ የሐኪም ልብስ ነው አለው፤ ሌላው ከፈን ነው አለው፤ ሦስተኛው ነገሩ ከባድ ነውና ሌላ ሕልም ጠብቅ አለው። በስልክ ሲነግረኝ ነጠላዬ ነው አልኩት። ሌላ ልብስ ገዝቶልኝ አያውቅም፣ ምን ለብሼ ሊያየኝ ኖሯል?

ሐሙስ ከኪዳን በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተሰበሰብን፤ ቄሱ፣ ተስፋነህ፣ መክሊት፣ እኔ። ዕጣውን የሚያወጣው ማንበብ የማይችል ሰው ይሁን፣ እጁ እንዳያደላ ተባለ። ዙሪያውን ቢያዩ እኔ አለሁ። ለዚያውም ዓይኗ አያይም ብለው ጭራሽ ደስ አላቸው። ይኸው አለመማሬ በስተርጅና ሥራ አስገኘልኝ።

እጄን ጨርቁ ውስጥ ከተትኩ። በስንቱ ስሳለቅ ከርሜ፣ እዚያ ላይ ስደርስ ግን ፈራሁ። የወጣው ቢወጣ የምኖርበት እኔው ነኝ። አንዱን አንስቼ ለቄሱ ሰጠሁ። ገለጡት። ተስፋነህ ከትከሻቸው በላይ አሻግሮ አነበበና ትንፋሹን ለቀቀ። ምን እንደወጣ ከትንፋሹ አወቅኩ፤ ሸክም የወረደለት ሰው ትንፋሽ ነበር።

"ይቆይ ነው የሚለው፣ እናቴ" አለ። "እንግዲህ እግዚአብሔር ተናገረ።"

"ይቆይ የሚለውን ማን ጻፈው?"

"እኔ ነኝ የጻፍኩት።"

"እንግዲያው የተናገርከው አንተ ነህ። ሐኪሙም መንገድ ነው፣ ጸበሉም መንገድ ነው። ሦስተኛው መቀመጥ ነው። መቀመጥህን ጽፈህ ከሥዕል ሥር አሳደርክና ዛሬ ፈቃድ ሆኖ ወጣልህ።"

መክሊት ሳቋን በነጠላዋ ስታፍን ሰማኋት። ዓይኔ ይድከም እንጂ ጆሮዬ ደህና ነው። ወደ ቄሱ ዞርኩ። የምለውን ያወቅኩት እንኳ ከእሳቸው አፍ ነው፤ እኔ መጽሐፍ ገልጬ አይደለም።

"አባቴ፣ እርስዎው ያስተማሩን ነው። ያ መንገድ ዳር ተቀምጦ የጮኸው ዕውር፣ ጌታችን ሲያስጠራው ዕውር መሆኑ ጠፍቶት ነበር?"

"አልጠፋውም።"

"ታዲያ ምን አለው?"

ቄሱ መቋሚያቸውን ከአንዱ እጅ ወደ አንዱ ሲያዛውሩ ይሰማኛል።

"ምን እንዲያደርግለት እንደሚፈልግ ጠየቀው" አሉ በመጨረሻ።

"ሁሉን የሚያውቀው ጠየቀ። እናንተ ምንም የማታውቁት፣ አንድ ሳምንት ሙሉ ስታውጡ ስታወርዱ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ምን ትፈልጊያለሽ አላላችሁኝም። እግዚአብሔር ፈቃዱን የሚያሳውቀው በወረቀት፣ በሕልምና በስልክ ነው፤ በበሽተኛዋ አፍ ብቻ ነው የማይሆንለት?"

ቄስ ጥላዬ ያንን ወረቀት አጣጠፉት። ከዚያ እስከ ዛሬ ሰምቼው በማላውቅ ድምፅ፣ ልጄ ማለቱንም ትተው፣ "እመት ፈንታነሽ፣ ምን ይሻሉ?" አሉኝ።

ይህን ያህል ስለፈልፍ ቆይቼ፣ ሲጠይቁኝ አንዲት ቃል በቃችኝ። "ማየት ነዋ፣ አባቴ" አልኩ።

ቄሱ ወደ ተስፋነህ ዞሩ። ዕጣ የሚጣለው ሰው መርምሮ፣ መክሮ፣ ጸልዮ፣ መንገዱ ሲሰወርበት ነው፤ ይሄኛው ግን መቼ ተሰወረ አሉት። ሰኞ ዕለት ይህን ልነግርህ ሲገባኝ ጨርቅህን ተቀብዬ ዝም ማለቴ የእኔም ጥፋት ነው አሉ። ቄስ ጥፋቴ ነው ሲል የሰማሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው፤ ከሐኪሞቹ ይልቅ ይኸኛው ሳያስገርመኝ አልቀረም።

ተስፋነህ ሲናገር ድምፁ የመዝገብ ቤቱ ድምፅ አልነበረም።

"እናቴ፣ ያች የቀረችው ትንሽ ብርሃንም ብትጠፋ፣ ልጇ ወስዶ አሳወራት እባላለሁ። እኔስ ራሴን ምን እለዋለሁ?"

እዚህ ላይ ልራራለት አስቤ ነበር። አልቻልኩም።

"ስትፈልግ የሰነበትከው ፈቃድ አይደለማ። ዋስ ነው። ጥፋት ቢመጣ የሚጠየቅ ዋስ አጥተህ፣ እግዚአብሔርን ጎትተህ ልታስፈርም ነው። ተነሥ፣ ባጃጅ ጥራ።"

ባጃጁ ቁልቁለቱን ይዞን ወረደ። ሐኪሞቹ ያሉበት ግቢ ስንደርስ ወረፋው አጥሩን ዞሮ ነበር። መሠረት የምትባል ነርስ ተቀበለችን። ቀኙ ይገፈፋል፣ ማታ ገብተው ነገ ጠዋት ጨርቁ ይነሣል አለችና ይህንን ለእኔ ሳይሆን ለተስፋነህ አስረዳችው። ይገባቸዋል ወይ ብላም ጠየቀችው። ከአንቺ በፊት የገባኝ ነው አልኳት፤ ደንግጣ ወንበር አቀረበችልኝ። አውራ ጣቴን ቀለም ነክራ አሳተመችኝ። ተስፋነህም አስታማሚ በሚለው ላይ እንዲፈርም ወረቀቱን ሰጠችው። የስንቱን ሰው ወረቀት ሲያስፈርም የኖረ ልጅ፣ እስክሪብቶውን ይዞ ቀረ። ጠበቅኩት። ቆይቶ ቆይቶ ጫር ሲያደርግ ሰማሁ።

ማታ ስሜ ተጠራ። ክንዴን ይዞ እስከ በሩ አደረሰኝ። እግዚአብሔር እንዳለው ይሁን ሊለኝ አፉን ሲከፍት ቀደምኩት።

"እሱ ያለውን እሱ ያውቃል፤ እኔም አምኜ ነው የምገባው። አንተ የምልህን ስማ። ነገ ጠዋት ጨርቁ ሲፈታ ሌላ ሰው ፊቴ እንዳይቆም። አለምወርቅን አትላክብኝ፣ ቄሱንም አታምጣብኝ። ጢምህን ተላጭተህ አንተው ፊት ለፊቴ ቁም። ከሰኔ ወዲህ በድምፅህ አቅጣጫ ስቆጣህ ኖሬያለሁ፣ ነገ ፊትህን እያየሁ ልቆጣህ እፈልጋለሁ። ካላየሁም እዚያው ቁም። ወረቀት ሳታወጣ፣ እግዚአብሔርንም ሳትጠራ፣ 'ያመጣሁሽ እኔ ነኝ' ብለህ በገዛ አፍህ ንገረኝ።"