አረንጓዴው ሐሙስ

«ቆይ፣ እኔ የተቀመጥኩት ምን ላይ ነው?» አለች የጤና ጣቢያው ልብስ አጣቢ ግራና ቀኝ እየተመቻቸች። «ለቅሶ ደርሼ ወገቤን ተሰብሬ ልመለስ ነው እንዴ?»

«ድንጋይ ላይ ነዋ» አለች የሟች ታላቅ እህት። «ወንድሜ እንደሆነ ወንበር ከሚገዛ ድንጋይ ቢሰበስብ ይመርጥ ነበር። ቻይው።»

ጉድፈላ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ፣ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ወንበር ስላለቀ ግማሹ ለቀስተኛ የተደረደረው ረጃጅም የእንጨት ሳጥኖች ላይ ነበር። በየሳጥኑ ውስጥ ከምድር ሆድ በመሰርሰሪያ የወጣ፣ እንደ ዱላ የተሞለሞለ ድንጋይ ተጋድሟል። ሟቹ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማዕድን ፍለጋ ጉድጓድ ሲሰረስር የኖረ ሰው ነው። ኩባንያው አሮጌ ናሙናዎቹን ሲጥል እሱ እየለቀመ ቤቱን ሞላው። «ጉድ ፈላ!» ሳይል ወሬ ስለማይጀምር ስሙ ጉድፈላ ሆኖ ቀረ፤ መቃብር ቆፋሪው ትክክለኛ ስሙን ሲጠይቅ ዘመድ አዝማዱ እርስ በርሱ ተያይቷል።

ወሬውማ አይጣል ነው! አንዴ መሰርሰሪያው ከመቶ ሜትር በታች የሚጮህ አውራ ዶሮ ይዞ ወጣ፤ ያውም ሰዓቱን ሳያዛንፍ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ጉድጓዱ ከመጥለቁ የተነሳ በወዲያኛው የዓለም ጫፍ ወጥቶ የአንድ ሰውዬ ባርኔጣ በሳ። ማስረጃ አምጣ ያለው ካለ አናቱ ላይ የተበሳ ባርኔጣ ያወጣል። የራሱ ባርኔጣ ነው፤ የበሳውም በሲጋራ ነው።

ሴት ልጁ በጥቁር ሻሽ ተጠቅልላ ጥግ ይዛለች። የፀሐይ ኃይል ባትሪ ገጣሚ ናት፤ የጤና ጣቢያው ፍሪጅ መድኃኒት የሚያቀዘቅዘው በእሷ እጅ ሥራ ነው። ለቀስተኛው ሲስቅ አትስቅም፣ ሲያለቅስ አታለቅስም። ከሳምንት በፊት ከአባቷ ጋር የተባባሉት ነገር ከጆሮዋ አልወጣም።

ሲደውልላት የጤና ጣቢያው ጣሪያ ላይ ነበረች።

«ጉድ ፈላ! ስሚኝ ልጄ፣ የማዕድኑን ዝቃጭ የሚያጠራቅሙበትን ኩሬ አስራ ሰባተኛው ጉድጓድ ጋ ሊቆፍሩ ነው። እዚያ ስር ውሃ ይሄዳል። ቀጥ ብሎ ወደ ምንጫችን!»

«ከአውራ ዶሮው ጋር ነው የሚሄደው?»

«አሁንስ አልቀለድኩም።»

«አባዬ፣ ጣሪያ ላይ ነኝ! እስቲ አንድ ቀን እንኳን እውነት አውራ!» ብላ ጆሮው ላይ ዘጋችበት። መልሳ ልትደውልለት ነገ፣ ከነገ ወዲያ ስትል የእሱ ልብ ቀድሞ ቆመ።

ከኩባንያው አንድ ወጣት መሐንዲስ መጣ። የቦቲውን ጭቃ በር ላይ አራግፎ ገባና የአንድ ሳጥን ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

«እግዜር ያጥናሽ እህቴ። ጋሼ ትልቅ ባለሙያ ነበሩ። ሰኞ ኩሬውን መቆፈር ስንጀምር ባልደረቦቻቸው ሁሉ ያስታውሷቸዋል።»

ልጅቷ ቀና አለች። «አስራ ሰባተኛው ጋ?»

«አዎ።»

«አባቴ ስሩ ውሃ ይሄዳል አላለህም?»

«ብለውኛል።» ባርኔጣውን በጣቶቹ አሽከረከረ። «ግን ስለ አውራ ዶሮውም ነግረውኛል። እኛ ስንለካው ጉድጓዱ ደረቅ ነው።»

«ስለ ውሃ አታንሱብኝ!» አለች አጣቢዋ። «ሟችን ማማት አይሆንልኝም እንጂ፣ ያቺን ሐሙስ መቼም አልረሳትም። የጤና ጣቢያውን አርባ አንሶላ ምንጩ ላይ ዘፍዝፌ ዘወር ስል ውሃው ሰላጣ መሰለ! አርባውም አረንጓዴ! እሱ ደግሞ ጥላ ስር ተቀምጦ ሰዓቱን ያያል። ‹ጉድ ፈላ፣ ሁለት ቀን ብቻ!› እያለ ይዘላል። ሳሙናዬን ወርውሬ ግንባሩን አልኩት።»

ለቀስተኛው በእጁ አፉን ይዞ ሳቀ። ልጅቷ ግን ብድግ አለች።

«ሁለት ቀን ብቻ ነው ያለው?»

«አዎ። እብድ ነዋ።»

«እትዬ፣ እስቲ ከዚያ ሳጥን ተነሺልኝ።»

የአጣቢዋ ሰፊ ቀሚስ ሲገለጥ ክዳኑ ላይ ትልቅ 17 ታየ። ልጅቷ ከፈተችው። በክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ የአባቷ ጠማማ ጽሑፍ ነበር። «ጉድጓዱ ስንሰረስር ያፈሰስንበትን ውሃ ሁሉ ጠጥቶ ዝም አለ። ማክሰኞ ጠዋት ቀለም ጨመርኩበት። የት እንደሚወጣ እናያለን።» ከድንጋዮቹ አጠገብ በጨርቅ የተጠቀለለ ቆርቆሮ አለ፤ ግማሽ ድረስ ቀይ ዱቄት ይዟል።

«ይሄ አይደለም» አለች አጣቢዋ። «የኔ አረንጓዴ ነው።»

ልጅቷ ቅንጣት ቆንጥራ የውሃ ብርጭቆ ውስጥ ጣል አደረገች። ቀዩ ዱቄት ውሃ ሲነካው አረንጓዴ ሆኖ ቦግ አለ። ሦስት ሰው ከተቀመጠበት ተነሳ።

መሐንዲሱ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳው። «የከርሰ ምድር ውሃ መንገድ የሚከታተሉበት ቀለም ነው። ሰው አይጎዳም።» ድምፁ ወረደ። «እኔኮ ምንጩ ላይ የደፉት መስሎኝ ነበር። ቀልድዎን ያቁሙ ብዬ አስጠነቀቅኳቸው።»

«ዛሬም ማክሰኞ ነው» አለች ልጅቷ። «አሁን ሂድና በገዛ እጅህ ጨምርበት። እኛ ምንጩን እንጠብቃለን። ሐሙስ ከወጣ ሰኞ አትቆፍርም።»

«ካልወጣስ?»

«ካልወጣ አባቴ ዋሽቷል። ቆፍር፤ ለሰፈሩም የምናገረው እኔ ነኝ።»

«ማዕድኑ ይቅር ነው የምትይው?»

«ባትሪ ገጣሚ ሆኜ ባትሪ የሚሠራበት ማዕድን ይቅር ልበል? ይውጣ እንጂ! ዝቃጩ የምንጠጣው ላይ አይደፋ ነው ያልኩት።»

አክስቷ ሻሿን ያዘቻት። «ኧረ ተይ! ሐዘንተኛ በሦስተኛ ቀኗ ወዴት ትወጣለች? ሰው ምን ይላል?»

«ሰውንም ይዘነው እንሄዳለን፣ አክስቴ። ለቅሶው እዚያው ይሁን።»

እንዲያ ያለ ለቅሶ ታይቶ አይታወቅም። አንዱ አግዳሚ ተሸከመ፣ ሌላው የሻይ ማንቆርቆሪያ አንጠለጠለ፣ አስራ ሰባት ቁጥር ሳጥንን አራት ጎረምሶች እንደ ሁለተኛ አስከሬን ትከሻቸው ላይ ጣሉት። የአውቶቡስ ሹፌር መንገድ ላይ አቁሞ «ቤት ፈረሰባችሁ?» ብሎ ጠየቀ። መሐንዲሱ ከሰዓት በኋላ ቀለሙን ጉድጓዱ ውስጥ ጨምሮ፣ የጉድጓዱን አፍ በቁልፍ ዘግቶ፣ ቁልፉን አምጥቶ ለአክስትየዋ ሰጣት። እሷም ጡት መያዣዋ ውስጥ ከተተችው፤ ከዚያ ማንም አያወጣውም።

ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ምንጩ ዙሪያ ተቀምጠው የጉድፈላን ውሸት ሲቀባበሉ ዋሉ። አውራ ዶሮው እስከ ማታ ድረስ ሁለት ክንድ ጨመረ። አጣቢዋ አንድ ነጭ የትራስ ልብስ በድንጋይ አስራ ውሃው ውስጥ ዘርግታለች፤ ሊጠጣ የመጣውን ውሻ ሳይቀር ከሩቅ አባረረች። ልጅቷ ከሳጥኑ ላይ አልተነሳችም። ሻይ ሲሰጧት ትጠጣለች፣ ዓይኗን ግን ከትራስ ልብሱ አትነቅልም።

ሐሙስ ቀትር አለፈ። ውሃው እንደ ብርጭቆ ነው። ለቀስተኛው አንድ በአንድ ጫማውን ማየት ጀመረ።

«የኔ ልጅ» አለች አክስቷ ቀስ ብላ፣ «ብትወጅውም ባትወጅውም ወንድሜ ቀጣፊ ነበር። ምን ይደረግ።»

መሐንዲሱ ሰዓቱን አይቶ ተነሳ። «አዝናለሁ እህቴ። ሥራ ቦታ ይፈልጉኛል።»

«ተቀመጥ።»

«ሁለት ቀን ሞላ እኮ።»

«የጨመርከው ከሰዓት ነው። አልሞላም። ተቀመጥ!»

ተቀመጠ።

መጀመሪያ ያየችው አጣቢዋ ናት። ባለቤቱ የሞተበትን ቃል ሳታስበው ጮኸችው። «ጉድ ፈላ!»

ከድንጋዩ ስንጥቅ እንደ ክር የቀጠነ አረንጓዴ ብቅ አለ። ተጠማዘዘ፣ ወፈረ፣ የትራስ ልብሱን ዳር ያዘ፤ ወዲያው የምንጩ ውሃ ሙሉ አበራ። ያን ሁሉ ሲያወራ የነበረ ሰው ወደ ውሃው ጠርዝ ተጋፋ።

መሐንዲሱ ተንበርክኮ ውሃውን በእፍኙ አነሳ። «የዝቃጩ ኩሬ ከሸንተረሩ ማዶ ይዞራል። ሪፖርቱን ዛሬውኑ እጽፋለሁ። ስምንት ወር ያዘገየናል፤ አለቆቼ ይጮሁብኛል።»

«ይጩሁ። ባትሪውን ከእናንተ በላይ የምጠብቀው እኔ ነኝ፤ ስምንት ወር እጠብቃለሁ።»

«ቀድሞ የደረሰበት ሰው ብዬ ማንን ልጻፍ? ሙሉ ስማቸው…»

«ጉድፈላ በለው» አለች አክስትየዋ። «በሌላ ስም ብትጽፈው እዚህ አገር ማን ያምንሃል?»

ልጅቷ ምንጩ አፍ ላይ ቁጢጥ አለች። የአባቷን ነጭ መሐረብ ከኪሷ አውጥታ ውሃው ውስጥ ነከረችው፣ ጨመቀችው፣ ከእሑድ ጀምሮ እንባ እምቢ ያላቸውን ዓይኖቿን ሸፈነችበት። ትከሻዋ ለረጅም ጊዜ ተንቀጠቀጠ። መሐረቡን ስታነሳ ከግንባሯ እስከ አገጯ አረንጓዴ ነበረች።

«ኧረ ፊትሽ!» አክስቷ የሻሿን ጫፍ ይዛ ጎንበስ አለች። «ነይ ልጥረግልሽ።»

ልጅቷ እጇን ቀስ አድርጋ መለሰችው።

«ይቆይ» አለች።