የመምህሩ ተረከዝ

«እማማ፣ የሰይፉን ነገር ለእኛ ይተዉት። እርስዎ የቤቱን ብቻ ይንገሩን» አላት የዳኞቹ አለቃ፣ በሩ ሥር ጫማ ከተደረደረበት አጠገብ ያለውን በርጩማ እያሳያት።

የቤቱን! አሮጊቷ ከንፈሯን ነክሳ ተቀመጠች። የሰይፍ መምህር የነበረው ሟቹ ባሏ ገና አንድ ተማሪ ሳይኖረው የእንጨት ሰይፉን ለልምምድ የሚሰነዝረው በማን ላይ ነበርና? ግራ ክንዷ ዛሬም ዝናብ ሲቃረብ ይጠዘጥዛታል። ሰው ግን ሚስት ሲያይ ድስቱ እንጂ ሰይፉ አይታየውም።

ሦስቱ ዳኞች ከሰይፈኞች ማኅበር የመጡት አንድ ነገር ሊቆርጡ ነው። ይህን የሰይፍ ትምህርት ቤት ከፍታ የሟቹን ስም በሩ ላይ የሰቀለችው ወጣት በእርግጥ ከእሱ እጅ ተምራለች ወይስ አልተማረችም? ካልተማረች ሰሌዳው ይወርዳል፤ በሩም ይዘጋል።

አሮጊቷ ቃሏን ከቤቷ አሰናድታ ነው የመጣችው። «አላውቃትም» ትላለች። ውሸትም አይደለ። ባሏ ከጣሪያ ወድቆ ቀኝ ጉልበቱ ከተሰበረ ወዲህ፣ «አንካሳ መምህር አንካሳ ያፈራል» ብሎ ሰይፉን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ነበር። በጥበቡ ወግ ለአንድ ሰው ብቻ፣ ያውም ሌላ ዓይን በሌለበት የምትሰጠውን የመጨረሻዋን ምት ሚስቱ ስትለምነው እንኳ መልሱ «ከእኔ ጋር ትቀበር» ነበር።

ወጣቷ መሃል ወለሉ ላይ ቆመች። መለሎ ናት፤ አንገቷ ብቻውን ያናድዳል።

«መምህሩ የት አስተማሩሽ?» አላት አለቃው።

«ከሐኪም ቤቱ ጀርባ፣ እንጨት መጋዘኑ ውስጥ። ሐሙስ ሐሙስ።»

ሐሙስ። ለጉልበቱ ሐኪም ዘንድ የሚሄድበት ቀን።

«ያየ ሰው አለ?»

«ማንም የለም። ቅቅል እንቁላል በመሀረብ ቋጥረው ይመጡ ነበር። ሁለት። አንዱን ለእኔ ይሰጡኝ ነበር።»

«እንቁላል ቀርቦ አይመሰክር!» አለ አንደኛው ዳኛ፤ ጓደኞቹም ሳቁ።

አሮጊቷ አልሳቀችም። አንድ አይበቃውም ብላ ሁለት ስትቀቅል የኖረችው እሷ ናት። ቅናት እንደ ቃር ጉሮሮዋ ላይ ወጣ። «እንቁላልማ ጎረቤትም ያያል» ብላ ራሷን ደለለች።

ወጣቷ ሰይፏን መዘዘች። ሰነዘረች፣ መከተች፣ ዞረች። ያምራል፤ ግን ዓይን ያለው ሌባ ይህን ሁሉ በመስኮት አጮልቆ ሊማረው ይችላል። አሮጊቷ ልቧ ሊረጋ ሲል ልጅቷ ሰይፉን ወደ ሰገባው መለሰች፤ በዚያው ቅጽበት ቀኝ ተረከዟ ወደ ውጭ ተንሸራቶ፣ ወለሉን ፋቅ አድርጎ አረፈ።

«ቆይ፣ ቆይ» አለ አለቃው። «የመምህሩ አቋም እንደ ምሰሶ ቀጥ ያለ ነበር። ሁላችንም አይተናል። ይቺን ተረከዝ ከየት አመጣሻት?»

«እንዲህ ነው ያስተማሩኝ።»

«እንግዲያው ያስተማረሽ ሌላ ሰው ነው። እማማ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?»

አሮጊቷ ወለሉን እያየች ነበር። ያንን የባሏን ተረከዝ ፋቅታ ከአልጋ እስከ በር፣ ከበር እስከ አልጋ፣ እስኪሞት ድረስ ሰምታዋለች። ይህች ጤነኛ የሰው ልጅ ሕመሙን ጥበብ ነው ብላ ተምራዋለች። በዚች ልጅ ፊት በአንካሳነቱ ያላፈረው ምን ቢያይባት ነው? ለሚስቱ ማቃሰቱን፣ ለዚች ሰይፉን! «አላውቃትም» ማለት አንድ ቃል ነው፤ አፏ ውስጥ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል።

ተነሣች። ከግድግዳው ላይ አንድ የእንጨት ሰይፍ አውርዳ ልጅቷ ፊት ቆመች።

«ጉልበትሽን ያምሻል?»

«ኧረ አያመኝም፣ እማማ።»

«እሱን ያመው ነበር፣ አንቺ ጅል!»

የልጅቷ ፊት ተለዋወጠ። ተረከዟን ቁልቁል አየችው፤ የሌላ ሰው እግር ይመስል።

«የመጨረሻዋንስ ምት ሰጥቶሻል?»

«ሰጥተውኛል» አለች ልጅቷ አንገቷን ደፍታ።

«እማማ» አለ አለቃው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «እኛ የምንፈልገው አዎ ወይም አይደለም…»

«ስጨርስ መልሴን ትሰማለህ። አሁን ጓደኞችህን ይዘህ ውጣልኝ፤ ጫማችሁ በሩ ሥር ነው።»

ዳኞቹ ተያዩ፤ ከዚያም አንድ በአንድ ወጡ። በሩ ተዘጋ።

አሮጊቷ የሚጠዘጥዛትን ክንድ አቀናች፤ የእንጨት ሰይፉን አንሥታ በደረቷ ትክክል ያዘችው።

«እማማ፣ ወጉ እኮ ለአንድ ሰው ብቻ…»

«ወጉን ለእኔ አትንገሪኝ። አሳዪኝ። ከነተረከዙ።»