ከግድግዳው ጀርባ ያሉት ጥቋቁር ጀሪካኖች

ወይዘሮ የብርጓል ተከራያቸውን ይስማውን የጠረጠሩት እንቅልፍ የበዛባቸው ሰሞን ነው። የደብረ ማርቆስ ብርድ ወገባቸውን እየቆረጠመ ስንት ዓመት ሙሉ ሲያገላብጣቸው አድሯል። አሁን ግን ጋደም ካሉ ሳይነቁ ይነጋል። ሁለት እሁድ ኪዳኑ አመለጣቸው። ይህ የጤና አይደለም።

የጀመራቸውም ይስማው ከመኝታቸው ግድግዳ ጀርባ ያችን የላስቲክ ቤት ከሠራ ወዲህ ነው። ልጁ ድሮ ቅኔ ቤት ነበር፤ ኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ እርሻ ተማረ። በዚህ በውርጭ አገር፣ በከተማ ጠባብ ግቢ ቲማቲም አበቅላለሁ ብሎ ሲያስፈቅዳቸው እሺ ያሉት ጓሮው ባዶ ስለሆነ እንጂ አምነውት አይደለም። ቲማቲም የሚተክል ሰው ጀሪካን ጥቁር ቀለም ቀብቶ፣ ውሃ ሞልቶ በግድግዳቸው ሥር ምን ያስደረድረዋል? ቁጥሩስ ለምን ሰባት ሆነ?

ሲጠይቁት "ቀን ፀሐይ ይጠጣሉ፣ ማታ ይተፉታል" አላቸው። ከቅኔ ቤት የወጣ ሰው እንዲህ ሲመልስ ደግሞ የባሰ ያስፈራል። አፍዝ አደንግዝ ነው አሉ በልባቸው፤ አደንዝዞ ቤቴን ሊያስፈርመኝ ነው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የቀራቸው ይህ ቤት ብቻ ነው።

በታኅሣሥ አንድ ዓርብ ይስማው ለሥራ ይጁቤ ሄደ፤ አዳሩም እዚያው ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ወይዘሮ የብርጓል አማትበው ወደ ላስቲኩ ቤት ገቡና ሰባቱንም አንድ በአንድ ደፏቸው። ውሃው ለብ ያለ ነበር። ይህ ይባስ አስደነገጣቸው፤ እሳት በሌለበት ማን አሞቀው?

በዚያው ሌሊት ውርጭ ወረደ። ወገባቸው እንደ ድሮው ተነሣባቸው፤ ጋቢ ላይ ጋቢ ደርበውም እንቅልፍ እንቢ አለ። ሊነጋጋ ሲል እጃቸው ግድግዳው ላይ አረፈ። ሰሞኑን ለብ ይል የነበረው ጭቃ በረዶ ሆኗል። ያኔ ገባቸው። እንዲያ ያስተኛቸው የነበረው የጀሪካኖቹ ሙቀት ነው። እፍረቱ ከብርዱ ባሰባቸው።

ይስማው ረፋዱ ላይ ሲመለስ ቲማቲሙ ጠውልጎ ጠቁሯል። ባዶዎቹን ጀሪካኖች እያገላበጠ አየ።

"እትዬ፣ ማን ገባ?"

"እንጃ ልጄ" አሉ።

የጎረቤቱን አጥር በዓይኑ ቃኘና ወጣ። ቁልፍ ገዝቶ መጣ፤ በላስቲኩ ቤት በር ላይም ገጠመው። አንዱን መክፈቻ ኪሱ ከተተና ሌላውን በሁለት እጁ ዘረጋላቸው።

"ይሄን እርስዎ ይያዙልኝ። በዚህ ሰፈር ሌላ የማምነው ሰው የለኝም።"

ወይዘሮ የብርጓል ተቀበሉት። ቀና ብለው ሊያዩት አልቻሉም። ወገባቸውን ይዘው ጎንበስ አሉና አንዱን ባዶ ጀሪካን አንሥተው ወደ ቧንቧው ሄዱ።