ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?

ፅናት ሪፖርቱን በላከች በሁለት ደቂቃ ውስጥ መልሱ መጣ። ሁለት ደቂቃ! የሦስት ሳምንት ሥራ ጠፍቶ፣ አንድ ገጽ ሙሉ ጽፋ፣ ባዶውን ስክሪን በስልኳ ፎቶ አንስታ አያይዛ ልካ፣ ሚኪ አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ በሁለት ደቂቃ ዘጋው። «የተጠቃሚ ስህተት» ይላል። ከሥሩ ደግሞ «ነገ ዋናው ቅጂ ይወጣል፣ እባካችሁ ትንንሹን ነገር ተዉት» የሚል ጨምሮበታል። ደሟ ፈላ።

«ምን አለ?» አሉ ጋሽ ዘመኑ ከአጠገቧ እንደ ቆሙ።

«እያየው ነው፣ ጋሼ።»

ውሸቷን ነው። እውነቱን እንዴት ብላ ትንገራቸው?

ሚኪና ፅናት ላሊበላ አንድ ሰፈር ያደጉ፣ አንድ ክፍል የተማሩ ናቸው። እሱ ኮምፒውተር ሊማር አዲስ አበባ ገባ፤ እሷ አስጎብኚ ሆነች። እንግዳው ሲጠፋ ጊዜ ባጇን መሳቢያ ውስጥ ወርውራ፣ የከተማው ወጣቶች አዋጥተው የከፈቷትን ባለ አንድ ክፍል ቤተ መጻሕፍት መጠበቅ ጀመረች። እዚያ ያሉት ስድስት ላፕቶፖች ባለቤቶቻቸው ሰልችተዋቸው የለገሷቸው አሮጌዎች ናቸው። ሚኪ ታዲያ እንዲህ ላሉ ደካማ ማሽኖች የሚሆን፣ በነጻው ሊኑክስ ላይ የተመሠረተ ቀላል የኮምፒውተር ሲስተም ከጓደኞቹ ጋር ሠራ። ሣር ግጦ ገደል በሚወጣው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ዝንጀሮ ስም ጭላዳ አለው። ለአርባ ትምህርት ቤቶች ከመታደሉ በፊት ግን የሙከራ ቅጂውን የሚፈትንለት፣ ጉድለቱን እየለቀመ የሚነግረው ሰው ያስፈልገው ነበር። ፅናት እኔ አለሁ አለች፤ አምስት ወር ሙሉ ያለ ምንም ክፍያ ስትለቅምለት ከረመች። ደስ የሚለውን ስትነግረው ልብ ይልክላታል፤ ጉድለት ስትነግረው ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል።

ጋሽ ዘመኑ ደግሞ ሁለቱንም ሒሳብ ያስተማሩ፣ ኋላም የትምህርት ቤቱን ሬከርድ ክፍል ይዘው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ያ ክፍል በጦርነቱ ጊዜ ነደደ። ከዚያ ወዲያ ትራንስክሪፕት ፈልጎ የሚመጣ ሁሉ «ማስረጃ የለንም» ተብሎ ይሸኛል፤ የተማረ ሰው እንዳልተማረ ሆኖ ይመለሳል። ጋሽ ዘመኑ ይህ አንገበገባቸው። የስምንተኛ ክፍል ካርዱ በእጁ የቀረ ሁሉ እንዲያመጣ በየአጥቢያው አስነገሩ። ሰዉም ከሙጃ፣ ከይምርሐነ ክርስቶስ አካባቢ፣ ከየቀበሌው ካርዱን በላስቲክ ጠቅልሎ እየመጣ ያስመዘግብና ይመለሳል። ዝርዝሩ ተሟልቶ ሲቀርብ ማኅተም ይመታበታል ተብሏል። ሰውየው ስኳር ዓይናቸውን እያደከመው፣ ፊደሎቹን በአንድ ጣት እየለቀሙ ወራት አስቆጥረዋል።

«ከእንግዲህ በወረቀት አይልፉ ጋሼ፣ ማሽኑ ይይዝልዎታል» ያለቻቸው ራሷ ፅናት ናት። ዓይናቸው እንዳይደክም ብላም የተማሪውን ስም የፋይሉ ስም አድርገው፣ ውስጡ ውጤቱን ብቻ እንዲጽፉ አስተማረቻቸው።

ዛሬ ሐሙስ ጠዋት፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ኔትወርክ ተመለሰ። እሷ ገና ደስታዋን ሳትጨርስ ጋሽ ዘመኑ መዝገባቸውን ከፈቱ። የድሮው አለ፤ የሦስቱ ሳምንት ግን የለም። አንድም አልቀረም።

ስልኳን ይዛ ወደ ደጅ ወጣችና ደወለች።

«ሪፖርቱን አንብበኸዋል?» አለችው ሰላምታ ሳትሰጥ።

«የማሽኑን የሥራ መዝገብ፣ ሎጉን አይቼዋለሁ፣ ፅንዬ» አለ ሚኪ። ድምፁ የቸኮለ ሰው ድምፅ ነው። «የማሽኖቹ የሰዓት ባትሪ ሞቷል፤ መብራት በሄደ ቁጥር ቀኑን ይረሳሉ። ስለዚህ ሲነሱ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው ብለው ይጠይቃሉ። ኔትወርክ ካለ ራሳቸው ያርሙታል፤ ከሌለ በተሞላው ይሄዳሉ። ሰውየው ሦስት ሳምንት ሙሉ 2017 እያሉ ሲሞሉ ከርመዋል። ዛሬ መስመሩ ሲመጣ ማሽኑ ወደ 2025 ተመለሰ። ፋይሎቹ የስምንት ዓመት አሮጌ ሆነው ታዩት፤ አሮጌ ፋይል የሚያጠፋው ጠራጊ ደግሞ ሥራውን ሠራ። እና እኔ ምን ላድርግ? እስቲ ማን ነው 2017 ብሎ የሚሞላ?»

ፅናት በክፍት በሩ ወደ ውስጥ አየች። ግድግዳው ላይ የቅዱሳን ሥዕል ያለበት ካላንደር ተሰቅሏል። ከላይ በቀይ፣ በትልቁ፣ መጋቢት 2017 ይላል።

«አገሩ ሁሉ!» ብላ ጮኸች። «አገሩ ሁሉ ነው የሚሞላው! አንተ ራስህ የተወለድክበትን ቀን እናትህን ብትጠይቅ በየትኛው ነው የሚነግሩህ?»

«ኮምፒውተር በፈረንጅ ነው የሚሠራው፣ ይሄ ይታወቃል።»

«ለማን ነው የሚታወቀው? በአማርኛ ጠይቀህ ሰው በአማርኛ ሲመልስልህ ተሳሳትክ ትለዋለህ? ጠራጊውንስ? ኅዳር ላይ አልነገርኩህም? ሦስት ዓመት ያልተነካ ፋይል ሳይጠይቅ ያጠፋል፣ አውጣው አላልኩህም?»

ነግራው ነበር። ዲስኮቹ ትንንሽ ናቸው፣ ቦታ እንዳይሞላ ነው ብሎ፣ «ደግሞስ አዲስ ሲስተም ላይ የሦስት ዓመት ፋይል ከየት ይመጣል?» ሲል ከሳቅ ምልክት ጋር መልሶላት ነበር። ያ ሳቅ አሁን ትዝ ሲላት ቆሽቷ አረረ።

«ስሚ» አለ ሚኪ፣ አሁን እሱም ተቆጥቶ። «ያን የቀን መጠየቂያ ገጽ ማን ፈተነው? ስምሽን ልይልሽ? ‹ይሠራል› ብለሽ ምልክት ያደረግሽበት አንቺ ነሽ።»

ይሄኛው አንጀቷ ድረስ ገባ። እውነት ነዋ! ስምንት ዓመት እንግዳ ስትቀበልና ስትሸኝ፣ የሆቴሉ ቦታ ማስያዣ፣ የአውሮፕላኑ ትኬት ሁሉ በፈረንጅ ቀን ስለነበር፣ ገጹ ሲጠይቃት እጇ በራሱ 2025 ብሎ ሞላ። ሌላ ሰው ምን ይሞላል ብላ አንዴም አላሰበችም። ጋሽ ዘመኑን ሳይሆን የጠፉትን ቱሪስቶች ወክላ ነው የፈተነችው። በራሷ ተናደደች፤ በራሷ መናደዷ ግን በእሱ ላይ ያላትን ንዴት አልቀነሰላትም።

«አዎ፣ እኔም አጥፍቻለሁ» አለች። «ስለዚህ ነገ አይወጣም።»

«ይወጣል! ሁለት ዓመት የለፋሁበት ነው። ዲስኮቹ ተቀድተው አልቀዋል፣ ትምህርት ቤቶቹ እየጠበቁ ነው።»

«አርባ ትምህርት ቤት ውስጥ አርባ ጋሽ ዘመኑ አሉ» ብላ ዘጋችበት።

ወደ ውስጥ ተመልሳ መጀመሪያ ያደረገችው የላፕቶፑን ገመድ ከግድግዳው መንቀል ነበር። ባትሪው የሞተ ስለሆነ ማሽኑ ቀጥ አለ። ጋሽ ዘመኑ ደነገጡ።

«አንቺ! ምነው?»

«በላዩ ላይ ሌላ ነገር እንዳይጽፍበት ነው፣ ጋሼ። የተሰረዘው አሁንም ከሥር ሊኖር ይችላል።»

ከዚያ ስልኳን አነሳችና፣ የአርባዎቹ ትምህርት ቤቶች መምህራን ባሉበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ጻፈች፦ «ጭላዳን እንዳትጭኑ። የጫናችሁ ካላችሁ ጠራጊውን አጥፉት። ሰነድ ይበላል። ፅናት፣ ከላሊበላ።» ላከችው። ሚኪ ወዲያው ደወለ፤ አላነሳችም። ደገመ፤ አላነሳችም። ይቅመሰው፣ አለች በሆዷ።

የላፕቶፑን ዲስክ ፈትታ አወጣች፤ በገመድ ከሌላው ላፕቶፕ ጋር አገናኝታ የተሰረዘ ፋይል የሚያድነውን ፕሮግራም አስነሳች። ፕሮግራሙ ለሰዓታት ሲፈተፍት ቆየ። ጋሽ ዘመኑ ምሳ ልብላ ሳይሉ ኩርሲያቸው ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። ስምንት ሰዓት ገደማ ፋይሎቹ አንድ በአንድ ብቅ ብቅ ማለት ጀመሩ። ፅናት እልል ልትል ምንም አልቀራት፤ ግን ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብላ አየች።

ስማቸው የለም። ፕሮግራሙ ሆዳቸውን እንጂ ስማቸውን አላዳነም። ስም በነበረበት ቦታ የማይረባ ቁጥር ተደርድሯል። ውስጣቸው ደግሞ ውጤት ብቻ ነው፣ ልክ እሷ እንዳስተማረቻቸው።

«ጋሼ» አለች። «ውጤቱ ተገኝቷል። የማን እንደሆነ ግን አይታወቅም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ጋሽ ዘመኑ መነጽራቸውን አወለቁ። የሚቆጡ መስሏት አንገቷን ደፋች።

«አንብቢልኝ» አሉ።

«ምኑን?»

«ውጤቱን ነዋ! አንብቢልኝ አልኩሽ።»

«ሒሳብ 91፣ እንግሊዝኛ 48፣ ባዮሎጂ 60...»

«ሰውነት ናት። የሙጃዋ። እንግሊዝኛ ጠላቷ ነበር። ቀጥዪ።»

«ሒሳብ 70፣ አማርኛ 71፣ ፊዚክስ 70፣ ኅብረተሰብ 72...»

«ይታገሱ ነው! ያ ልጅ ከሰባ ወርዶ አያውቅ፣ ከሰባ ርቆ አያውቅ። ጻፊው።»

ፅናት አንገቷን ቀና አደረገች። እያነበበች፣ እሳቸው እየጠሩ፣ እሷ እየሰየመች ቀጠሉ። አንዳንዱን ወዲያው ያውቁታል፤ አንዳንዱን ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የትኛው ወንበር ላይ ይቀመጥ እንደነበር አስታውሰው ያመጡታል። ስልኩ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ ጮኸ። አሁን አነሳችውና ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«አንቺ ግን ጤነኛ ነሽ?» አለ ሚኪ እየጮኸ። «አሥራ አምስት ትምህርት ቤት አንጭንም ብሎ ጻፈልኝ! ስሜን አጠፋሽው!»

«ሥራ ላይ ነን፣ ጠብቅ» አለችና ቀጣዩን ከፈተች። «ሒሳብ 99፣ አማርኛ 52፣ ፊዚክስ 97። ይሄኛው ላይ አስተያየትም ጨምረውበታል፣ ጋሼ። ‹ጥያቄውን አንብቦ ሳይጨርስ ይመልሳል› ይላል።»

«አስተያየቷን የጻፍኳት እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ዘመኑ። «የክፍል ኃላፊው ነበርኩ። እናቱ ናቸው ካርዱን ያመጡት፣ የኔም ልጅ ስም ከመዝገቡ አይቅር ብለው።» ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ። «ሚኪያስ፣ ያንተ ነው።»



«ጋሼ... እንደምን ዋሉ» አለ ሚኪ። ድምፁ የስምንተኛ ክፍል ልጅ ድምፅ ሆኗል።

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንድ ነገር ልጠይቅህ። ማሽንህ በየጠዋቱ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው አለኝ። እኔም ተነስቼ ካላንደሩ ድረስ ሄጄ፣ ዓይኔ ስለማያይ አፍንጫዬን አስጠግቼ አይቼ፣ ተመልሼ ትክክለኛውን ጻፍኩ። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?»

ሚኪ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥያቄውን እስከ መጨረሻው ሰማ።

«አልተሳሳቱም፣ ጋሼ» አለ። «ነገ አይወጣም። ገጹ ሁለቱንም ቀን ጎን ለጎን እንዲያሳይ አደርጋለሁ። ጠራጊውንም ነቅዬ አወጣዋለሁ።» አስከትሎም፣ «ሰኞስ ባወጣው?» አለ።

«ጨርሰን እንነግርሃለን» አለች ፅናት፣ ፊቷን ሳትፈታ።

ሊመሽ ሲል አንዲት ፋይል ብቻ ቀረች። ሒሳብ 64፣ አማርኛ 83፣ እንግሊዝኛ 61፣ ስፖርት 95። ፅናት ሦስት ጊዜ አነበበችላቸው። ጋሽ ዘመኑ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ገለጡ፣ በክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ አሉ። ከዚያ ጠረጴዛውን በቡጢ መቱት። በጠዋቱ ነገር ሁሉ ያልተቆጡ ሰው አሁን ተቆጡ።

«አላስታውስም! አስተምሬ፣ ማርክ ሰጥቼ፣ በእጄ መዝግቤ አላስታውስም! ምን ዓይነት መምህር ነኝ?»

ፅናት ስልኳን አነሳች። ለሚኪ አንድ መስመር ጻፈችለት፦ «አንድ ሰው ስም አልባ ቀርቷል። ባለቤቱ እስኪገኝ አይወጣም። ከወጣ ደግሜ እጽፋለሁ።» ከዚያ ውጤቱን በትልልቁ ወረቀት ላይ ገልብጣ፣ «ይህ ውጤት የማን ነው?» ብላ በሩ ላይ ለጠፈችው።

ዓርብ ማንም አልመጣም። ቅዳሜ ገበያው ሲሞላ ሰው እየቆመ አነበበ፤ አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ የኔ በሆነ አለ። አምስት ሰዓት ላይ አንዲት ሴት፣ ነጠላዋን አገልድማ፣ በሩን ሳታንኳኳ ገባች። በእጇ በላስቲክ የተጠቀለለ ካርድ ይዛለች።

«ሙሉሃብት ነኝ፣ ከሙጃ» አለች። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «የዛሬ ሦስት ሳምንት ይችኑ ካርድ ይዤ መጥቼ ተመዝግበሻል፣ ሂጂ ተባልኩ። ዛሬ ውጤቴ በር ላይ ተለጥፎ፣ የማን ነው ይላል!»

ጋሽ ዘመኑ ከኩርሲያቸው ተነሱ። ካርዱን ተቀብለው ዓይናቸው ሥር አስጠግተው ስሙን አነበቡ። አንዴ ካርዱን፣ አንዴ እሷን አዩ።

«የት ነበር የምትቀመጪው፣ ልጄ?»

«ኋላ። መስኮቱ ሥር። እርስዎም ረሱኝ?»

«ረሳሁሽ። ይቅር በዪኝ» አሉ።

ሙሉሃብት ካርዷን ተቀበለቻቸው። ወደ ፅናት ዞረች።

«ስሜን የት አደረጋችሁት?»

ፅናት መጀመሪያ ፋይሉን በሙሉሃብት ስም ሰየመች። ከዚያ ሚኪ ጋ ደወለች፤ ገና መጥራት ሲጀምር ስልኩን ለሙሉሃብት ሰጠቻት።

«እሱን ጠይቂው» አለቻት።